ከጄ ፓውች ቀዶ ጥገና በኋላ ተቅማጥንና ማጣደፍን በመድኃኒት መቆጣጠር፦ ደረጃ በደረጃ

ትልቁ አንጀታቸው ወጥቶ ከትንሹ አንጀት ጫፍ ፓውች የተሠራላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ሎፐራማይድ እየወሰድኩ ለምንድን ነው አሁንም እንዲህ የምመላለሰው?» ሎፐራማይድ አንጀትን የሚያዘገይ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱ ላይ ነው። ኪኒኑ የሚዋጠው ሆድ ካጣደፈ በኋላ ከሆነ ለዚያ ዙር አልፎበታል። አንዳንዴ ደግሞ መመላለሱ የመጣው ከፓውቹ መቆጣት፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከመውጫው መጥበብ ይሆንና አንጀትን የሚያዘገይ መድኃኒት መውሰዱ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ፣ ቀጥላችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ መጠን መጨመር የመጨረሻው ነው።

እዚህ የተጠቀሱት መጠኖች ለአዋቂ ሰው የተለመዱት ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ለልጆች የሚሰጠው መጠን ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ቀዶ ጥገናው ምን ቀየረ?

ይህን ቀዶ ጥገና በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ለንደን በሚገኘው የሴንት ማርክስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚሠራውን የጄ ቅርጽ ደግሞ በ1980 ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያና ባልደረቦቹ ይፋ አደረጉት። በአብዛኛው የሚሠራው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል ሥር የሰደደ ሕመም) በመድኃኒት አልመለስ ላላቸውና በዘር የሚወረስ የአንጀት ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት) ላለባቸው ሰዎች ነው።

ትልቁ አንጀት በቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ፈሳሽ መልሶ ወደ ሰውነት ያስገባ ነበር። ፓውቹ ያጠራቅማል እንጂ ያንን ሥራ አይተካም። ስለዚህ ከእንግዲህ እንደ ድሮው የተጠቀለለ ሰገራ አትጠብቁ። የሕክምናው ግብ ሰገራው ከአጥሚት ወደ ገንፎ እንዲጠጋ፣ ሲመጣም መታገስ እንድትችሉ፣ ሌሊቱንም እንድትተኙ ማድረግ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ሳያጠኑ ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ቅዳሴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስቀደስ የሚቻለው በዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ መነሻችሁን መዝግቡ

ስቶማው (ሰገራ በጊዜያዊነት እንዲወጣበት ሆድ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ) ተዘግቶ ፓውቹ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ10 ጊዜ በላይ መመላለስ ያለ ነው። ፓውቹ እየሰፋ፣ ትንሹ አንጀትም እየለመደ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በቀን ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ ሌሊት ደግሞ አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀመጣል። በዚህ ክልል ውስጥ ሆናችሁ ማጣደፍና ማምለጥ ከሌለ መድኃኒት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

መድኃኒት ከመጀመራችሁ ወይም መጠን ከመቀየራችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዙ። ሰዓቱን፣ ውፍረቱን፣ ሩብ ሰዓት መታገስ መቻል አለመቻላችሁን፣ የበላችሁትንና የዋጣችሁትን ጻፉ። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ከምሽቱ 2:40፤ ቀጭን፣ ያጣደፈ፣ ያቃጠለ። 1 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ። ሎፐራማይድ አንድ፣ 2 ሰዓት ላይ።»

ይህች አንዲት መስመር ብዙ ትናገራለች። መድኃኒቱ የተወሰደው ከእራት አንድ ሰዓት በኋላ፣ ከመጣደፉ 40 ደቂቃ በፊት ነው። ምግቡ ሆድ ሲገባ አንጀት መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ኪኒኑ ግን ገና ሥራውን አልጀመረም። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ብዙ ጊዜ እመላለሳለሁ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ያለ ወረቀት ማሳየት የቀጠሮውን ጊዜ እጥፍ ያህል ጠቃሚ ያደርገዋል።

ደረጃ 2፦ አንጀት የሚያዘገይ መድኃኒት የማይነካባቸውን ሁኔታዎች ለዩ

ትኩሳት ካለ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ከወትሮው የተለየ ቁርጠት ከጀመረ ሎፐራማይድ አትጨምሩ፤ ታዩ። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ ከሆነም ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል የሰገራ ምርመራ ይቀድማል።

ሆድ ተነፍቶ፣ ሰገራውም ጋዙም ቆሞ፣ ማስመለስ ከመጣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላኛውን ነው። ፓውቹ ከፊንጢጣ ጋር የተሰፋበት ቦታ ጠባሳ ይዞ ሊጠብ ይችላል። ያኔ ሰውየው ያምጣል፣ ትንሽ ትንሽ ይወጣለታል፣ ያልጨረሰ ይመስለዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይቀመጣል። ቁጥሩን ብቻ ላየው ተቅማጥ ይመስላል። በእውነቱ ግን ፓውቹ ባዶ መሆን አቅቶታል፤ ሎፐራማይድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። የምታምጡ ከሆነ ይህንን ለይታችሁ ንገሩ። ሐኪሙ በጣት መርምሮ ወይም በካሜራ አይቶ መጥበቡን ሊያሰፋው ይችላል።

ሀገር ቤት ደርሰው ለተመለሱ፣ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። አሜባና ጃርዲያ ፓውች ያለውንም የሌለውንም ይይዛሉ። ጥሬ ሥጋ ወይም ያልታመነ ውሃ ካለፈ በኋላ የመጣ ተቅማጥ «ፓውቼ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሳይመረመሩ ከመድኃኒት ቤት ፍላጂል (ሜትሮኒዳዞል) ገዝቶ መዋጥም መልስ አይደለም። ለጊዜው ሊያሻሽል ይችላል፤ ነገር ግን የተሻለው ጥገኛ ተሕዋሲው ይሁን የፓውቹ መቆጣት ሳይታወቅ ይቀራል። የሰገራ ምርመራ ብዙ ቦታ ይገኛል፤ አስቀድማችሁ አሠሩት።

ደረጃ 3፦ ሎፐራማይድን ከምግብ በፊት አስቀድሙ

ሎፐራማይድ (ኢሞዲየም) የአንጀትን ግፊት ያረግባል፣ ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲያልፍና ፈሳሹ እንዲመጠጥ ጊዜ ይሰጣል፣ የፊንጢጣን ጡንቻም ትንሽ ያጠነክራል። በተለመደው መጠን ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ አያደነዝዝም። ብዙ ሰው ለዓመታት ይወስደዋል። «የዘወትር መድኃኒት ሆነብኝ» ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ የጎደለውን አንጀት ሥራ በከፊል እየሸፈነላችሁ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አንድ እንክብል 2 ሚሊግራም ነው። ዋናው ምግብ ከመቅረቡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ውሰዱ። ሌሊት የሚያስነሳችሁ ከሆነ ሌላ አንድ ከመኝታ በፊት ጨምሩ። በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩና ማስታወሻችሁን ተመልከቱ። ለውጡ ካነሰ ከሌላኛው ምግብ በፊትም አንድ ጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ የነርስ ረዳት እናስብ። ዋና ምግቧ ከሥራ በፊት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፏ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ማሸጊያው ላይ «ጠዋትና ማታ» ተብሎ ቢጻፍላት ለእሷ አይሠራም። የእሷ የመጀመሪያ እንክብል 11 ሰዓት ተኩል፣ የመኝታዋ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚከተለው የግድግዳውን ሰዓት ሳይሆን የእናንተን ምግብና መኝታ ነው።

ጣሪያውን አትለፉ። በራስ ውሳኔ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለሚወስድ ሰው በአሜሪካ የተቀመጠው ገደብ በቀን 8 ሚሊግራም፣ በሐኪም ክትትል ደግሞ 16 ሚሊግራም ነው። ይህ ገደብ የተቀመጠው በምክንያት ነው። ከመጠን በላይ የተወሰደ ሎፐራማይድ የልብን ምት አዛብቶ ሰው ሊገድል ይችላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በ2019 ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው አንድ ፓኬት ከ48 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አድርጓል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኢሪትሮማይሲን፣ ኢትራኮናዞልና ሪቶናቪር ሎፐራማይዱ ደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስዱ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሩ። ልብ በኃይል ከመታ ወይም ራስ ከሳታችሁ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ታከሙ።

እንክብሉ ሳይሟሟ በሰገራ ውስጥ ከወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ፋርማሲስቱን ምላስ ላይ የሚሟሟውን ዓይነት ወይም ፈሳሹን ጠይቁ። ፈሳሹን ስትገዙ ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ሶርቢቶል ራሱ ያስቀምጣል። ከስኳር ነፃ በሚባሉ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች ውስጥም ይኸው አለ።

ሰገራው በጣም ከወፈረና ማማጥ ከጀመራችሁ አንድ እንክብል ቀንሱ። ፓውች ባለው ሰው ዘንድ ድርቀት ከተቅማጥ የተሻለ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሎፐራማይድ ብቻውን ካልበቃ

በመጀመሪያ የሚታሰበው ሳይሊየም የተባለው የፋይበር ዱቄት ነው። ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ቀጭን ሰገራን ያወፍራል። በግማሽ መጠን ጀምሩ፤ ማሸጊያው የሚያዘውን ውሃ አትቀንሱ፤ መጥበብ ካለባችሁ ግን አትንኩት። ለአንዳንዱ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ጋዙ ያመዝናል። ያኔ መተው ነው። ሩዝ፣ ሙዝና ድንች ከምግብ ወገን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ኮለስትራሚን ለሁሉም አይደለም። የትንሹ አንጀት መጨረሻ የሐሞት አሲድን መልሶ የሚመጥ ክፍል ነው። በቀዶ ጥገናው ከዚያ ብዙ ከተቆረጠ አሲዱ ወርዶ ውሃ የመሰለ፣ የሚያቃጥል ተቅማጥ ያመጣል። ኮለስትራሚን አሲዱን ይይዘዋል። ጣጣው ሌላ መድኃኒትንም አብሮ መያዙ ነው፤ የታይሮይድ መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንና የወሊድ መከላከያ ኪኒን ኃይላቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ውሰዱ።

ዳይፌኖክሲሌትና አትሮፒን አንድ ላይ የያዘው ሎሞቲል በማዘዣ ይሰጣል። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰው ሽንት ሊይዝ ይችላል። ሕፃን በሚደርስበት ቦታ ፈጽሞ አታስቀምጡት፤ ጥቂት ፍሬ ልጅን ሊገድል ይችላል። ኮዴይን ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ያደነዝዛል፣ ሱስም ያስይዛል። የምታጠባ እናት መውሰድ የለባትም።

ደረጃ 5፦ ፓውቹ ሲቆጣ

ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ፓውች ከተሠራላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ፓውቻይተስ፣ ማለትም የፓውች መቆጣት ያገኛቸዋል። ምልክቱ ከራሳችሁ መነሻ ጋር ሲተያይ ይታወቃል። በቀን 6 ጊዜ ይሄድ የነበረ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 12 ከገባ፣ ካጣደፈው፣ ታች ሆዱን ከቆረጠው፣ ሌሊት ማምለጥ ከጀመረው መጠርጠር አለበት። የደረጃ 1 ማስታወሻ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው አንቲባዮቲክ ነው። በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት ነው። አማራጩ ሜትሮኒዳዞል ነው። አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጡን ያየዋል። ተሻለኝ ብላችሁ ግን በመሃል አታቋርጡት፤ የታዘዘውን ጨርሱ።

ሲፕሮን ከወተት፣ ከብረት፣ ከካልሲየም፣ ከዚንክ ወይም ከሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ጋር አብራችሁ ከዋጣችሁ አንጀት ውስጥ ተያይዞ ይወጣል። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ውሰዱት። ተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ካመማችሁ አቁማችሁ ደውሉ። ሲፕሮ ራሱ የልብን ምት ሊነካ ስለሚችል በእነዚያ ሳምንታት የሎፐራማይድ መጠናችሁን አትጨምሩ። በሜትሮኒዳዞል ጊዜ ደግሞ ጠላም ጠጅም ቢራም ይቅር። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደና እጅ ወይም እግር መደንዘዝ ከጀመረ ሐኪሙ ወዲያው ማወቅ አለበት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሁለቱም አንቲባዮቲኮች ደሙን ስለሚያቀጥኑበት ቶሎ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በዓመት ውስጥ እየደጋገመ ከመጣ ወይም አንቲባዮቲኩ ሲቆም ወዲያው ከተመለሰ በራሳችሁ ሌላ ዙር አትጀምሩ፤ በካሜራ ይታይ። መቆጣቱ ሥር ከሰደደ መቆጣትን የሚያበርደው ቡዴሶናይድ ሊታሰብ ይችላል፤ በ2022 አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው ቬዶሊዙማብም አለ። ሰገራው ላይ ደም ታይቶ የሚመጣው ከፓውቹ ሳይሆን ከታች ከቀረችው የቀድሞ አንጀት ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው በታች የሚገባ ሜሳላዚን ነው፤ አንቲባዮቲክ አይረዳም።

ደረጃ 6፦ ውሃና ጨው

ማዞር፣ የሽንት መጥቆር፣ የባት መሸማቀቅ፣ ምክንያት የሌለው ድካም፤ እነዚህ ከታዩ ጨውም አብሮ አልቋል። ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በቂ አይደለም፤ ጨውና ስኳር ያለበት ኦ አር ኤስ ያስፈልጋል። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሁለቱንም ልክ አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። በዓመት አንድ ጊዜ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቫይታሚን ዲ ምርመራ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የመድኃኒት ሳጥናችሁን ፈትሹ

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ፓውችን እንደሚያስቆጡ ስለሚታመን ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ሜትፎርሚንና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ያስቀምጣሉ፤ የስኳር መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ይሻል እንደሆነ ጠይቁ። ትልቁ አንጀት ውስጥ እንዲለቀቁ ተደርገው የተሠሩ ኪኒኖች ለእናንተ ላይሠሩ ይችላሉ። «ሆድ ያጸዳል» ተብሎ የሚሰጥ ኮሶም እንቆቆም ፓውች ላለው ሰው አይደለም። የሚያቀርቡላችሁ ዘመዶች ስለሚወዷችሁ ነው፤ አመስግናችሁ እንቢ በሉ።

ለቆዳው፦ በለብ ያለ ውሃ ታጠቡ፣ ሳታሹ አድርቁ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቫዝሊን በስሱ ቀቡ። ሽቶ ያለው እርጥብ መጥረጊያ ያባብሳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ መውጫው ላይ እንደሚያቃጥል ራሳችሁ ታዩታላችሁ፤ አልጫ በዚያ ሳምንት ወዳጅ ነው።

ደረጃ 8፦ ጾምና መንገድ

እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ፓውች ላለው ሰው ከርሃቡ ይልቅ በፈሳሽ ማጣቱ ይጎዳል። የንስሐ አባታችሁን ቀርባችሁ ሁኔታውን አስረዱ። ረመዳንን ለሚጾሙም ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ የታወቀ ነው። ሐኪማችሁ ፈቅዶላችሁ የምትጾሙ ከሆነ ሎፐራማይዱን ከመፈሰኪያው ግማሽ ሰዓት በፊት መዋጥ ስለማይቻል የሚሟሟውን ዓይነት በመጀመሪያ ጉንጭ ውሃ ውሰዱ፤ ኦ አር ኤሱን ጠጡ፤ ምግቡን ግማሽ ሰዓት አዘግዩት። ብዙ ሽሮና ባቄላ በአንድ ጊዜ ጋዝ ስለሚያበዛ ከፋፍላችሁ ብሉ። ቆሎና ፈንዲሻ አንጀት ሊዘጉ ይችላሉ፤ በደንብ ሳይታኘኩ አይዋጡ።

ለጉዞ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ የተጫነ ሻንጣ ይጠፋል። ዱባይና አቡ ዳቢን ጨምሮ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኮዴይን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ማዘዣውን በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ያዙ። ወደ ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሐኪማችሁ ፓውቻይተስ ቢነሳ የምትጀምሩትን አንድ ዙር አንቲባዮቲክ፣ መቼ መጀመር እንዳለባችሁ በጽሑፍ ካሰፈረ መመሪያ ጋር እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ ከእሱ ጎን ጥቂት ፓኬት ኦ አር ኤስና የቀዶ ጥገናችሁን ማጠቃለያ ወረቀት አስቀምጡ።